የሙሽራዋ ተቃውሞ

ሙሽራዋ ካስክ ነበረች። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው እኔ በጊዜው የሚነግረኝ ሰው አጥቼ የደረሰብኝ በእናንተም ላይ እንዳይደርስ ነው። ካስክ ማለት ያ ሴቶች ፀጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው ከሥሩ የሚቀመጡበት፣ ጭንቅላት የሚውጥና ሙቅ አየር የሚተፋው ማድረቂያ ነው። አክስቴ የሴቶች ፀጉር ቤት ነበራት፤ ካስኮቿም ሁለት ነበሩ። ትንሿ ስም አልወጣላትም። ትልቋ ግን ነጭ ስለሆነች፣ አክስቴም አቧራ እንዳይነካት ዳንቴል ስለምታለብሳት "ሙሽራዋ" ትባል ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አክስቴ ዘንድ እንድከርም ተልኬ ከመጣሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም፤ በዚያ ቤት ማን ምን እንደሚባል አላጠናሁም።

በዚያው ሰሞን ደግሞ እውነተኛ ሙሽራ ነበረች፤ የአከራያችን ልጅ።

አከራያችን ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ሴት ነበሩ። አክስቴ "እትዬ" ትላቸዋለች፤ እኔም እንደ እሷ። ከግቢያቸው በመንገዱ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች ያከራያሉ፤ አንዱ የአክስቴ ነው፣ ሌላው የወንዶች ፀጉር አስተካካይ ቤት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ስስ ጣውላ ስለሆነ እኛ ዘንድ ያነጠሰች ሴት ከዚያ ማዶ "ይማርሽ" ትባላለች። መብራቱም አንድ መስመር፣ ፊውዙም አንድ ነው። ያ ፊውዝ ታዲያ ካለፈው ዓመት ወዲህ አመል አውጥቷል። አክስቴ ፀጉር እያደረቀች ሳለ ጧ ይላል፤ የእኛም ቤት፣ የጎረቤታችንም ቤት፣ የእትዬም ቤት ይጨልማል፤ ወዲያው የእትዬ ድምፅ ግቢውን አቋርጦ ይመጣል።

የሠርጉ ሳምንት እትዬ ራሳቸው ድምፃቸውን ተከትለው መጡ።

"ስሚ" አሏት አክስቴን። "እሁድ ልጄን እድራለሁ። ድምፅ ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ይዘፍናል። ልጄም ፀጉሯን እዚሁ ትሠራለች። እሁድ ፊውዝ ከተቃጠለ ሰኞ ዕቃሽን ይዘሽ ትወጫለሽ። ምክንያት አልሰማም፤ ሽማግሌም አትላኪብኝ!"

"እሺ እትዬ" አለች አክስቴ። ሲሄዱ ግን ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። "ይቺ ቤት ከሄደች እኔም ሄድኩ" አለች።

ደነገጥኩ። በእኛ ሰፈር "ሄደ" የሚባለው ለሞተ ሰው ነበር። አክስቴ ማለት የፈለገችው ሱቋን ካጣች ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ የወንድሞቿ ሚስቶች መላላኪያ እንደምትሆን ነው። ይህም ከሞት ብዙ እንደማይርቅ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን አክስቴ በፊውዝ ምክንያት ልትሞትብኝ ነው ብዬ አመንኩ።

ቅዳሜ ዕለት ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ተጠራ። ሰፈሩ ሁሉ "ኮረንቲ" ይለዋል፤ እሱ ግን ይህን ስም እንደ ስድብ ነው የሚቆጥረው። "ኮረንቲ የባዕድ ቃል ነው፤ የእኛ ቋንቋ ምን ጎደለው?" ይላል። ሁሉን ነገር ካልተረጎመ እንቅልፍ አይወስደውም። ቮልቴጅን ግፊት፣ ከረንትን ጅረት፣ ሬዚስታንስን ተቃውሞ፣ ፓወርን ኃይል ይለዋል። ራሱን "ጅረት" ብለው እንዲጠሩት ለጥቂት ጊዜ ለምኖ ነበር አሉ፤ ማንም እሺ አላለውም።

ሲመጣ እኔ ከፎጣ ማድረቂያው ገመድ ጀርባ ተቀምጬ አሥሩንም ጣቶቼን ቢጎዲን አልብሻለሁ። አክስቴ የፀጉር ማጠቢያ ውሃ እያሞቀች ስለነበር ክፍሉ በእንፋሎት ተሞልቷል። እነሱ አላዩኝም፤ እኔም አላየኋቸውም። መስማት ግን ሰማሁ፤ ምነው ባልሰማሁ!

"ችግሩ ያለው ሙሽራዋ ላይ ነው" አለ ኮረንቲ።

ጆሮዬን ቀሰርኩ።

"ምን ሆነች ደግሞ?" አለች አክስቴ።

"ለካኋት። ያለባት ግፊት ሁለት መቶ ሃያ ነው። ግፊቱስ በሁሉም ላይ ያው ነው፤ እሷ ግን ስምንት ጅረት ትስባለች። ግፊት ለጅረት ሲካፈል ተቃውሞ ነው። በይ ሁለት መቶ ሃያን ለስምንት አካፍዪ።"

"ማካፈል ብወድ ኖሮ ፀጉር ቤት ምን ያመጣኝ ነበር?"

መስታወቱ ላይ በጣቱ ሲጽፍ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ተሰማኝ። "ሃያ ሰባት ተኩል! ያላት ተቃውሞ ይኸው ነው። ጤነኛ ብትሆን አርባም ሃምሳም ይኖራት ነበር።"

"ታዲያ ተቃውሞ ማነሱ ጥሩ አይደለም እንዴ?"

"ለማያውቅ ሰው ጥሩ ይመስለዋል። ተቃውሞ ያነሰው የሰጡትን ሁሉ እሺ ብሎ ይቀበላል፤ ይግላል፤ መጨረሻው ማቃጠል ነው። አሁን ደግሞ ግፊቱን በጅረቱ አባዥው፤ ኃይሏን ታገኛለሽ። ሺህ ሰባት መቶ ስድሳ! ይቺ ሙሽራ አይደለችም፣ እቶን ናት!"

"ድሮ እንዲህ አልነበረችም'ኮ።"

"ድሮማ ደህና ነበረች። አንዱ ነካክቶ አበላሻት እንጂ። ውስጧ ሲበጠስ የተቃጠለውን ቆርጦ ጥሎ፣ የተረፈውን ሳብ አድርጎ ቀጠለው። ሲያጥር ጊዜ ተቃውሞዋም አብሮ አጠረ።"

"ማነው እሱ?"

"አንድ ያልበሰለ ሰው ነዋ።"

"ባለፈው ዓመት የሠራሃት አንተ ነህ'ኮ።"

ኮረንቲን ሳል ያዘው። "ያኔ ትርጉሙን ገና አልጨረስኩም ነበር" አለ በመጨረሻ።

የሚያወሩት ስለ ካስኳ የማሞቂያ ሽቦ ነበር። ሽቦ ሲያጥር ተቃውሞው ይቀንሳል፣ ጅረቱ ይበዛል፤ ዛሬ ይህን ለልጆቼ የቤት ሥራ ሳስረዳ አፌን ሞልቼ ነው። ያን ጊዜ ግን ሽቦ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም።

"እና ምን ይሻላል?" አለች አክስቴ። "ነገ ሠርግ ነው'ኮ!"

"ብቻዋን ትሁን። ከማንም ጋር እንዳትጣመር። ትንሿ አምስት ተኩል ትወስዳለች፤ ስምንት ላይ አምስት ተኩል ሲደመር አሥራ ሦስት ተኩል። ፊውዙ የሚችለው አሥር ነው። ከተጣመሩ ቤቱ ጨለማ ነው፤ አንቺም ሰኞ መንገድ ላይ ነሽ።"

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኔ ታንቄ ባልሞትም ቢጎዲን ከጣቶቼ ላይ እየረገፈ አሰብኩ። ግፊት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቴ ስለ ጎረቤታችን ስታወራ "በቤተሰብ ግፊት ነው የተዳረችው" ስትል ሰምቻለሁ። ተቃውሞንም ከሬዲዮ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የእትዬ ልጅ ሁለት መቶ ሃያ ግፊት አለባት፤ ምስኪኗ የተቃወመችው ግን ሃያ ሰባት ተኩል ብቻ ነው። እሷ ከሙሽራው ጋር ከተጣመረች ቤት ይቃጠላል፤ ቤቱ ከተቃጠለ አክስቴ ትሞታለች። "ትንሿ" ያለው ደግሞ እኔን ነው፤ በዚያ ቤት ከእኔ የሚያንስ ሰው የለምና። አምስት ተኩል የምወስደው ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ኬክ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

እሁድ ጠዋት ሙሽሪት መጣች። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጥፍሯን በልታ የጨረሰች ልጅ ነበረች። እትዬ ተከትለዋት ገቡና አግዳሚው ወንበር ላይ ጉብ ብለው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን አምፖል እንደ ዘበኛ ይጠብቁ ጀመር። ከጣውላው ማዶ ደግሞ የወንዶቹ ፀጉር አስተካካይ ቶንዶሱን አስነስቶ የሙሽራውን ፂም እየላጨ ነው፤ ዝዝዝ ይላል። ግቢው ውስጥ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል።

አክስቴ ለሙሽሪት ቢጎዲን አድርጋላት፣ ዳንቴሉን ገፍፋ ትልቋ ካስክ ሥር አስቀመጠቻትና ማብሪያውን ተጫነች። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ምንም አልሆነም። ባልዲ ይዛ ውሃ ልትቀዳ ወደ ግቢው ወጣች።

ከዚህ የተሻለ ጊዜ እንደማላገኝ ታወቀኝ። ወደ ሙሽሪት ተጠግቼ "እትዬ ሙሽራ" አልኳት በሹክሹክታ። "ተቃውሞሽ ትንሽ ነው?"

"ምን?" አለች። ካስክ ውስጥ ያለ ሰው የሚሰማው የካስኩን ጩኸት ብቻ ነው።

"ተቃውሞሽ ትንሽ ነው ወይ?"

"ምን አልሽ?"

ሳንባዬን ሞላሁና ጮህኩ። "ተቃውሞሽ ሃያ ሰባት ተኩል ብቻ ነው ወይ?"

ድምፅ ማጉያው በሁለት ዘፈን መካከል ዝም ያለበትን ቅጽበት ነበር የመረጥኩት። ከጣውላው ማዶ ቶንዶሱ ዝዝዝ ማለቱን ባይተውም አንድ ቦታ ላይ የቆመ መሰለኝ።

እትዬ ተነሡ። "የምን ተቃውሞ? ማነው ያለሽ አንቺ?"

"ኮረንቲ ነው ያለው። ለክቷታል። ከማንም ጋር እንዳትጣመር፣ ብቻዋን ትሁን ብሏል። ከተጣመረች ቤቱ ጨለማ ነው። ከዚያ አክስቴ ትሞታለች።"

የእትዬ ደም ሥር ተገታተረ። "ለክቷታል? ኮረንቲ ልጄን ለክቷታል?"

ሰው ክፉ ቀኑ ሲደርስ በእግሩ ይመጣል። ኮረንቲ በሠርግ ኮቱ አጊጦ፣ በአንድ እጁ የፊውዝ ሽቦ፣ በሌላው ጠመንጃ መፍቻውን ይዞ፣ ፊቱ በፈገግታ በርቶ በሩ ላይ ብቅ አለ።

"እንዴት አደራችሁ! ሙሽራዋስ እንዴት አደረች?"

"አንተ ሙሽራዋን ከየት ታውቃታለህ?" አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥኖ።

"ምን ማለትዎ ነው እትዬ? ባለፈው ዓመት በእጄ አልፋለች'ኮ!"

እትዬ አንዱን ጫማቸውን አወለቁ።

"ጠባይዋ ደህና ነው" አለ ኮረንቲ ምንም ሳይጠረጥር። "ስትሞቅ ትጮኻለች እንጂ ሌላ እንከን የላትም። ዕድሜዋ ግን ሄዷል፤ እውነቱን ለመናገር ከእንግዲህ የሚወስዳት ሰው አይገኝም።"

ሙሽሪት ጭንቅላቷን ከካስኩ አውጥታ "ምን አልክ አንተ?" ስትልና የእትዬ ጫማ ወደ ላይ ሲነሳ አክስቴ ባልዲዋን ይዛ ገባች። ጩኸቴን ከግቢው ሰምታ ኖሮ ነገሩን በአንድ እይታ ተረዳችው። ባልዲዋን ለቀቀችው፤ ውሃው የሁላችንንም እግር አጠበው።

"እትዬ! ሙሽራዋ'ኮ ካስኳ ናት!" አለች። "ካስኳን ነው ሙሽራዋ የምንላት! ተቃውሞ የሚለውም የካስኳን ሬዚስታንስ ነው፤ ከትንሿ ካስክ ጋር አብራ ከበራች ቤቱ ይጨልማል ማለቱ ነው!"

ኮረንቲ የትልቋን ካስክ ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገ። "ይቺን ነዋ! ሌላ ማንን ልል?"

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ይቀመጥ ነበር። እትዬ ግን ያነሱትን ጫማ እንዲሁ መልሰው የሚያደርጉ ሴት አልነበሩም። "ውሸት! ካስክ ሙሽራ ተብላ አታውቅም!" አሉ። "ሁለቱ አብረው ከበሩ ቤቱ ይጨልማል ነው ያላችሁት? እስቲ አሳዩኝ! ካልጨለመ ሁላችሁም ዋሾዎች ናችሁ፤ ይሄ ሰውዬም ልጄን ያውቃታል ማለት ነው!"

"እትዬ ይተዉ፣ በፈጠረዎት!" አለች አክስቴ እጃቸውን ይዛ።

"ስምንት ላይ አምስት ተኩል ሲደመር . . ." ብሎ ጀመረ ኮረንቲ።

"አትቁጠርብኝ!" አሉና አክስቴን ገፍተው የትንሿን ካስክ ማብሪያ በገዛ እጃቸው ተጫኑት።

ሁለቱም ካስኮች እየጮኹ ነው። አምፖሉ ትንሽ ደከመ እንጂ አልጠፋም። ሁላችንም ወደ አምፖሉ አንጋጠን ቆየን። የእትዬ ፊት ቀስ በቀስ በራ።

"አያችሁ?" አሉ። "አያችሁ ዋሾ . . ."

ጧ!

አምፖሉ ጠፋ። ካስኮቹ ዝም አሉ። ድምፅ ማጉያው ዘፋኙን ከአንገቱ ቆረጠው። ከጣውላው ማዶም ቶንዶሱ ጸጥ አለ። በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ያየሁት ነገር ቢኖር የእትዬን ጣት ነው፤ አሁንም ማብሪያው ላይ ነበር።

ወዲያው በሩ ተከፈተና ሙሽራው ገባ። አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሯል። ግራ ጉንጩ እንደ እንቁላል ጠርቷል፤ ቀኝ ጉንጩ ላይ ግን ፂሙ እንዳለ ነው። ማሽኑ መሐል ላይ ቆሞበት ነው። ጣውላው ስስ ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል። ማንንም ሳያይ በቀጥታ ሙሽሪት ፊት ሄዶ ቆመ።

"ተቃውሞ አላት ሲባል ሰማሁ" አለ።

"ካስኳ ናት ልጄ፣ ካስኳ!" አሉ እትዬ።

"ካስኳን አልጠየቅሁም እትዬ።" ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ እየተንተባተበ፣ "አንቺን ነው። ካለሽ አሁኑኑ ንገሪኝ። ድግሱን እኔው እበትነዋለሁ፤ አንቺ ላይ አይመጣብሽም" አላት።

ሙሽሪት በቢጎዲን እንደተሞላች ቀና ብላ አየችው። ብዙ ቆየች። እኔ ኬኬን ረስቼ እጄን አፌ ውስጥ ከትቻለሁ።

"አለኝ" አለች።

እትዬ ግድግዳውን ያዙ።

"ግማሽ ፂም ያለው ሰው አላገባም።"

መጀመሪያ የሳቀው ኮረንቲ ነበር፤ ከዚያ ከጣውላው ማዶ ፀጉር አስተካካዩ፤ ከዚያ ሙሽራው ራሱ፣ በሁለቱም ጉንጩ። ሙሽሪት ግን አልጨረሰችም።

"ሌላም ተቃውሞ አለኝ። እማዬ፣ ፊውዙን ማን አቃጠለው?"

"ፊውዝ ያረጃል" አሉ እትዬ።

"እማዬ!"

"እኔ ነኝ! እኔ ነኝ፤ ደስ አለሽ?"

"እንግዲህ ነገ ሰኞ ነው። ማን ሊወጣ ነው?"

እትዬ በእጃቸው የያዙትን ጫማ፣ ከዚያ ርጥብ እግራቸውን፣ ከዚያ አክስቴን አዩ። "የምን መውጣት?" አሉ እትዬ። "ማን ስለ መውጣት አነሳ? እናንተ ሰው ጆሮ ላይ ነገር መፍጠር ትወዳላችሁ። አንተ ኮረንቲ፣ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ፊውዙን ቀጥል!"

ኮረንቲ ፊውዙን ቀጠለ። ትንሿ ከሶኬቱ ተነቀለች፤ ሙሽራዋ ብቻዋን በራች፤ ሙሽሪትም ከሥሯ ተመልሳ ተቀመጠች። አክስቴ ባዶ ባልዲዋን አቅፋ ስታለቅስ ነበር። ወዲያው አገላብጣ ሳመችኝና በዚያው ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ።

ሱቁ ቀረ። እኔም ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እዚያ ከረምኩ፣ አደግሁ። ያቺ ሙሽሪት ልጆች ወልዳም ፀጉሯን የምትሠራው አክስቴ ዘንድ ነበር። የራሴ ሠርግ ቀን የተቆረጠ ሰሞን እሷም እኔም ተራ ስንጠብቅ፣ ያ ሁሉንም ያሳቀው የግማሽ ፂም ቀልድ ተነሳና እንደገና ሳቅን።

"ቀልድ ነው ብለሽ ነው?" አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች። "ያን ቀን ጠዋት ተቃውሞ ነበረኝ'ኮ። ሰውዬውን ሁለቴ ነው ያየሁት፤ ሁለቴም እናቴ መሐላችን ተቀምጣ። ልብሱ ተሰፋ፣ ድግሱ ተደገሰ፣ እኔን ግን ይሁን አይሁን ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።"

"እኔ ጠይቄሽ ነበር'ኮ።"

"አንቺማ በቁጥር ነው የጠየቅሽኝ፤ በቁጥር እንዴት ልመልስልሽ? እሱ ግን ገብቶ ፊቴ ቆሞ፣ አለሽ ወይ አለኝ። ካለሽ እበትነዋለሁ አለኝ፤ ያን ሁሉ ድግስ! ዝም ብዬ ያየሁት ለዚያ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ያዘጋጀሁትን ተቃውሞ እየፈለግሁ ነበር።"

"እና?"

"ከፂሙ በቀር ምንም አጣሁ።"